የሚሳኤል ስኳድሮን፦ ለጥቂት ደቂቃዎች የተደራጀ ተቋም

1. መድፍ የማይደርስበት ሰማይ

አንድ ተቋም ለምን እንደ ተፈጠረ ለመረዳት ከሱ በፊት የነበረው ለምን እንዳልበቃ መጠየቅ ይቀድማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ሰማይዋን የጠበቀችው በሁለት ክንድ ነበር፤ አንደኛው የአየር ኃይሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ሁለተኛው የምድር ጦሩ የአየር መቃወሚያ መድፎች። ሁለቱን ያገናኛቸው በባሕር ዳርቻ የተተከለው የራዳር ሰንሰለት፣ ሰማይን በዓይናቸው የሚከታተሉ ታዛቢዎችና ወሬውን አጣርቶ ለአዛዦች የሚያደርሰው የስልክ መረብ ነው። በ1940 የተካሄደው የብሪታንያ የአየር ውጊያ ትልቁ ትምህርትም ከዚህ መረብ የተገኘ ነበር። በአውሮፕላን ቁጥር የሚያንስ ወገን፣ ጠላት ከየት አቅጣጫ፣ በምን ከፍታና መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ካወቀ፣ በቁጥር የሚበልጠውን መቋቋም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ስሌቱ ተለወጠ። የጄት ሞተር የቦምብ ጣይ አውሮፕላንን ፍጥነት በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታውንም ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ አደረሰው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአንድ ሴኮንድ 250 ሜትር ይጓዛል። የመድፍ ጥይት እዚያ ከፍታ ለመድረስ 20 ሴኮንድ ብቻ ቢፈጅበት እንኳ አውሮፕላኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ መንገዱን አይለውጥም፤ አብራሪው ግን ይለውጣል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ደግሞ ሶቭየት ኅብረት በነሐሴ ወር 1949 የመጀመሪያውን የአቶሚክ ቦምብ መሞከሯ ነው። ቀድሞ ከሚመጡት አውሮፕላኖች አሥር በመቶውን ደጋግሞ መጣል የቻለ መከላከያ ጠላትን በጊዜ ብዛት ያዳክመው ነበር። አንድ አውሮፕላን አንድ ከተማ ማጥፋት ሲችል ግን የሚያስፈራው ያመለጠው አንዱ ነው። የብሪታንያ የአየር መቃወሚያ መድፍ ዕዝ በ1955 የፈረሰው ይህ ስለታመነበት ነው።

ክፍተቱን ይሞላል ተብሎ የታሰበው ከምድር ተወንጭፎ ዒላማውን በአየር ላይ እየተከተለ የሚመታ ሚሳኤል ነበር። ስለ ሚሳኤሎች ብዙ ተጽፏል፤ ስለሚያንቀሳቅሳቸው ተቋም የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም እዚህ ላይ ነው። የሚሳኤል ስኳድሮንን ቅርጽ የሰጠው ከመሣሪያው ይልቅ ጊዜ ነው። የሰው አደረጃጀቱ፣ የትእዛዝ ሰንሰለቱ፣ የጥገና ሥርዓቱና የዕለት ኑሮው የተሰፉት ጠላት በራዳር ከታየበት ቅጽበት አንሥቶ ከዒላማው እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ልክ ነው። ለዚህ ዋና ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው ከ1958 እስከ 1991 የኖሩትን የብሪታንያ ንጉሣዊ አየር ኃይል የብላድሃውንድ ስኳድሮኖችን ነው። የሌሎች አገሮች ልምድ መከራከሪያውን ለመፈተን ይረዳናል።

2. ምሥረታ፦ ቦምብ ጣዮቹን የጠበቁ ስኳድሮኖች

ብላድሃውንድ የብሪስቶል አውሮፕላን ኩባንያና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አምራቹ ፌራንቲ በጋራ የሠሩት ሚሳኤል ነው። ሙከራው የተካሄደው በዌልስ ባሕር ዳርቻ በአበርፖርትና በአውስትራሊያ በረሃ በዉሜራ ነበር። ተቋሙን የወለደው ፖለቲካዊ ውሳኔ በሚያዝያ 1957 የወጣው፣ በመከላከያ ሚኒስትሩ በደንከን ሳንዲስ ስም የሚታወቀው የመከላከያ ፖሊሲ ሰነድ ነው። ሰነዱ መላ አገሪቱን ከኑክሌር ጥቃት መከላከል እንደማይቻል በግልጽ ተቀበለ። የሚቻለው የአጸፋ ምት የሚሰነዝሩት ቦምብ ጣዮች የሚነሡባቸውን ሰፈሮች መጠበቅ ነው፤ ጠላት እነዚያን በአንድ ምት ማጥፋት እንደማይችል ካወቀ ጦርነቱን አይጀምርም የሚል ነበር ሐሳቡ። ተዋጊ አውሮፕላኖች ይቀነሳሉ፣ ሚሳኤሎችም በጊዜ ሒደት ይተኳቸዋል ተባለ።

የመጀመሪያው ስኳድሮን፣ ቁጥር 264፣ በታኅሣሥ 1958 በሊንከንሻየር አውራጃ በኖርዝ ኮትስ ተቋቋመ። ሌሎችም ተከትለው በምሥራቅ እንግሊዝ ተሰለፉ። አቀማመጣቸውን በካርታ ላይ ለተመለከተ ሰው የተቋሙ ዓላማ ወዲያው ይታየዋል። የተተከሉት ለንደንን ለመክበብ ሳይሆን የቦምብ ጣዮቹን ማረፊያዎችና በዚያው ዘመን ከአሜሪካ የመጡትን ቶር የተባሉ ባለስቲክ ሚሳኤሎች ሰፈሮች ለመጋረድ ነበር። ለአዲሶቹ ስኳድሮኖች የተሰጧቸው ቁጥሮችም በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ያበረሩ የነባር ስኳድሮኖች ቁጥሮች ናቸው። ይህን እንደ ጌጥ ብቻ ማየት ስሕተት ነው። የማይበር የአየር ኃይል ክፍል ለባልደረቦቹ ክብርና ማንነት መስጠት ነበረበት፤ ነባሩ ቁጥርና ዓርማ ያንን ሰጥቷቸዋል።

የምድር ጦሩም ተንደርበርድ የተባለ የራሱ ሚሳኤል ነበረው። ታዲያ ብላድሃውንድ ለምን ከአየር ኃይሉ ጋር ሆነ? ምክንያቱ በሚሳኤሉ ርቀት ላይ ነው። በአሥሮች ኪሎ ሜትር ርቆ የሚመታ መሣሪያ የወገን ተዋጊ አውሮፕላኖች ከሚበሩበት ሰማይ ላይ ይደርሳል። ሚሳኤሉንና አውሮፕላኑን የሚያዝዘው ዕዝ የተለያየ ከሆነ ወዳጅን የመምታት አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ስኳድሮኖቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአገሪቱ የራዳርና የተዋጊ አውሮፕላን ቁጥጥር መረብ አካል ሆኑ። ከ1940 የተወረሰው ትምህርት በአዲስ መሣሪያ ላይ ተሰካ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ድክመት ግን ብዙም ሳይቆይ ተገለጠ። ዒላማውን የሚይዘው ራዳር በየቅጽበቱ የሚቆራረጥ ጨረር የሚልክ በመሆኑ በጠላት የኤሌክትሮኒክስ ማወኪያ ይደናገር ነበር፤ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላንንም ከኮረብታና ከዛፍ ነጸብራቅ መለየት ይቸግረው ነበር። ማስወንጨፊያዎቹ በኮንክሪት ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ቦታቸው ለጠላት የታወቀ ነው። ባለስቲክ ሚሳኤሎች እየበዙ ሲመጡ ደግሞ ብላድሃውንድ ሊያስቆማቸው እንደማይችል ማንም ያውቅ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ስኳድሮኖች እስከ 1964 ድረስ ሁሉም ፈረሱ። መሣሪያው ከስጋቱ ጋር እኩል መራመድ ሲያቅተው ተቋሙን ይዞ መውደቁ የታሪኩ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው።

3. መሣሪያው፦ ራዳር፣ ማስወንጨፊያ፣ ሚሳኤል

በ1964 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ትውልድ ብላድሃውንድ በመልክ ከመጀመሪያው ጋር ቢመሳሰልም በአሠራሩ ሌላ ነው። ሚሳኤሉ ከላይና ከታች የተገጠሙ ሁለት የራምጄት ሞተሮች አሉት። ራምጄት አየርን የሚያምቀው በራሱ ፍጥነት ስለሆነ ቆሞ መነሣት አይችልም። ስለዚህ በጎኑ የታሰሩ አራት የመነሻ ሮኬቶች በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ያደርሱትና ነድደው ሲያልቁ ይረግፋሉ። ከዚያ በኋላ ራምጄቶቹ በኬሮሲን እየነደዱ ከድምፅ ፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ ያበሩታል። ከነመነሻ ሮኬቶቹ ክብደቱ ከ2 ቶን ይበልጣል፤ የሚደርስበት ርቀትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፈንጂው ዒላማውን በቀጥታ መንካት አያስፈልገውም፤ ቅርበት የሚለካ ማቀጣጠያ ስላለው አጠገቡ ሲደርስ ይፈነዳና እንደ ቀለበት በሚዘረጋ የብረት ዘንግ አውሮፕላኑን ይቆርጠዋል።

ልቡ ግን ራዳሩ ነው። አዲሱ ራዳር ሳይቆራረጥ ጨረር ይልካል፤ ከሚንቀሳቀስ ነገር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ ከቆመ ነገር ከሚመለሰው ስለሚለይ አውሮፕላኑን ከመሬት ነጸብራቅ መንጥሮ ያወጣዋል። ራዳሩ ዒላማውን በጨረር ያበራዋል፣ በሚሳኤሉ አፍንጫ ውስጥ ያለው ተቀባይ ከዒላማው የሚመለሰውን ነጸብራቅ እየተከተለ ይሄዳል። ይህ አሠራር የስኳድሮኑን አደረጃጀት ወስኗል። ሚሳኤሉ እስኪመታ ድረስ ራዳሩ ከዒላማው ላይ መነሣት የለበትም፤ ስለዚህ አንድ ራዳር በአንድ ጊዜ የሚዋጋው አንድ ዒላማ ብቻ ነው። የስኳድሮኑን ጉልበት መለካት የፈለገ ሰው በመደዳ የቆሙትን ሚሳኤሎች ከመቁጠር ይልቅ ስንት ራዳር በሥራ ላይ እንዳለ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከራዳሩ ቀጥሎ የሚመጣው ኮምፒዩተር ነው። በማስወንጨፊያ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ የተገጠመው፣ ፌራንቲ የሠራውና ኋላ አርገስ በሚል ስም የታወቀው ዲጂታል ኮምፒዩተር የዒላማውን ፍጥነትና አቅጣጫ ተቀብሎ ማስወንጨፊያዎቹ ወዴት መዞር እንዳለባቸው፣ ሚሳኤሉና አውሮፕላኑ የት እንደሚገናኙ፣ መገናኛውም በሚሳኤሉ አቅም ውስጥ መሆን አለመሆኑን ያሰላል። ይህን ለመሥራት ሰው በእርሳስና በወረቀት ጊዜ የለውም። የዚሁ ኮምፒዩተር ዝርያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በላንካሻየር ፍሊትዉድ የሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካን ለመቆጣጠር ውሏል። ፋብሪካውም ሚሳኤሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ክስተቱ ሳያልፍ የሚደርስ ስሌት።

4. አደረጃጀት፦ ማን ይወስናል?

ስኳድሮንን የሚያዝዘው ዊንግ ኮማንደር፣ በእኛ አጠራር ሌተና ኮሎኔል፣ ነበር። ከሱ በታች በተለያዩ ሰፈሮች የተበተኑ ቡድኖች አሉ። በቡድኑ ውስጥ ያለው መሠረታዊ የውጊያ አካል የተኩስ ክፍል ነው፤ አንድ ራዳር፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ክፍልና ከአራት እስከ ስምንት የሚደርሱ ማስወንጨፊያዎች። መበተኑ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ለምሳሌ ስኳድሮን ቁጥር 25 ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን ብሩገን፣ ቪልደንራትና ላርብሩክ የሚገኙ ሦስት የአየር ማረፊያዎችን ይጠብቅ ነበር። በ1975 የተቋቋመው ስኳድሮን ቁጥር 85 ደግሞ ዋና መምሪያውን በዌስት ሬይናም አድርጎ ኖርዝ ኮትስንና ባውድሲን ጨምሮ በምሥራቅ እንግሊዝ ዳርቻ ተዘርግቶ ነበር። አንድ ሰፈር ቢመታ ሌላው ይዋጋል፤ የአስተዳደር፣ የሥልጠናና የመለዋወጫ ሥራው ግን በአንድ ጥላ ሥር ይቆያል።

በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የተኩስ ተቆጣጣሪ መኮንን ነው፤ ዒላማውን ይቀበላል፣ ራዳሩ መያዙን ያረጋግጣል፣ ኮምፒዩተሩ መገናኛው በአቅም ውስጥ መሆኑን ሲያበስረው ይተኩሳል። ሁለተኛው የቴክኒክ ተቆጣጣሪ፣ ብዙ ጊዜ ልምድ ያለው የበታች ሹም፣ የራዳሩን፣ የኮምፒዩተሩንና የየሚሳኤሉን ጤንነት ይከታተላል። ሥራው ለሁለት የተከፈለው የሰው ትኩረት ውሱን ስለሆነ ነው። መሣሪያው ይሠራል ወይ ብሎ የሚጨነቅ ሰው፣ ይህ አውሮፕላን የማን ነው የሚለውን በተረጋጋ ልብ ሊመረምር አይችልም።

የመተኮስ ሥልጣኑ ከዚያች ክፍል ይጀምራል ማለት ግን አይደለም። ከስኳድሮኑ በላይ የአካባቢው የአየር ዘመቻ ማዕከል አለ፤ ከሁሉም ራዳሮች፣ ከወገን በረራዎችና ከሲቪል አየር መንገዶች የሚመጣውን መረጃ የሚያየው እሱ ነው። በኔቶ አሠራር የተኩስ ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው፣ ወዳጅ መሆኑ ያልታወቀ ማንኛውም አውሮፕላን ይመታል። በሁለተኛው፣ ጠላት መሆኑ የተረጋገጠ ብቻ ይመታል። በሦስተኛው፣ ራስን ከመከላከል ወይም በግልጽ ከተሰጠ ትእዛዝ በቀር ተኩስ የለም። ሦስቱ ደረጃዎች በሰላሙ ጊዜ ታስበው የተጻፉ ውሳኔዎች ናቸው። ደቂቃዎቹ ሲደርሱ ለክርክር ጊዜ ስለማይኖር ክርክሩ አስቀድሞ ያልቃል።

ይህ ሰንሰለት ሲላላ ምን እንደሚሆን ታሪክ በሚያሳዝን ሁኔታ አሳይቷል። ግንቦት 1 ቀን 1960 የሶቭየት ኤስ-75 ሚሳኤሎች በስቨርድሎቭስክ አቅራቢያ የአሜሪካውን የስለላ አውሮፕላን ሲጥሉ፣ ያንኑ አውሮፕላን ለማሳደድ ከተነሡት የሶቭየት ተዋጊዎች አንዱንም በሚሳኤል ጥለው አብራሪውን ገድለዋል። ጥቅምት 27 ቀን 1962 በኩባ ላይ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን የተመታው ሞስኮ ሳታዝዝ እዚያው በነበሩ አዛዦች ውሳኔ ነው፤ ሁለት የኑክሌር ኃይሎች ወደ ጦርነት አፋፍ ያን ያህል የቀረቡበት ቀን ጥቂት ነው። ጥር 8 ቀን 2020 ደግሞ በቴሄራን አቅራቢያ የዩክሬን የመንገደኞች አውሮፕላን በኢራን አየር መከላከያ ሚሳኤሎች ተመትቶ የተሳፈሩት 176 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። በእነዚህ ሁሉ ሚሳኤሉ እንደተሠራበት ሠርቷል፤ የጎደለው በወሳኙና በመረጃው መካከል ያለው ድልድይ ነበር።

5. የዕለት ኑሮ፦ ዝግጁ ሆኖ የመቆየት ሥራ

የአውሮፕላን ስኳድሮን ቀኑን በበረራ ይቆጥራል። የሚሳኤል ስኳድሮን የሚቆጥረው በፍተሻ ነው። ሚሳኤሉ ከማስወንጨፊያው ላይ ለወራት ሊቆም ይችላል፤ በተፈለገበት ደቂቃ ግን ያለ ማመንታት መነሣት አለበት። በምሥራቅ እንግሊዝ የባሕር ንፋስና ጨው ውስጥ የቆመ ኤሌክትሮኒክስ በራሱ ይበላሻል። ስለዚህ በስኳድሮኑ ውስጥ ከተኩስ ተቆጣጣሪዎች ይልቅ የሚበዙት ባለሙያዎች ናቸው፤ የራዳር ጠጋኞች፣ የሚሳኤል ቴክኒሺያኖች፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሰዎች፣ የጄኔሬተርና የሃይድሮሊክ ሠራተኞች፣ የክሬንና የከባድ መኪና ሾፌሮች። ጥገናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። በተኩስ ክፍሉ ላይ የተበላሸው ዕቃ በሙሉ ተነቅሎ በጤናማ ይተካል፤ የተነቀለው በሰፈሩ ወርክሾፕ ይጠገናል፤ ከዚያ የከበደው ወደ ማዕከላዊ ዴፖ ወይም ወደ አምራቹ ይሄዳል። የዚህም ምክንያት ጊዜ ነው። ራዳሩ ተፈትቶ የሚጠበቅበት ሰዓት የተኩስ ክፍሉ ዓይነ ስውር የሆነበት ሰዓት ነው።

አደጋውም ቀላል አልነበረም። ፈንጂ፣ ጠንካራ የሮኬት ነዳጅና ኬሮሲን በአንድ አካል ላይ ተሸክሞ የሚቆም መሣሪያ በየቀኑ በሰው እጅ ይነካል። የኃይለኛው ራዳር ጨረር ባለበት አቅጣጫ መቆም የተከለከለ ነበር። ግንቦት 22 ቀን 1958 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ሚድልታውን አጠገብ በሚገኝ የናይኪ ሚሳኤል ሰፈር በጥገና ላይ ሳሉ ሚሳኤሎች ፈንድተው 10 ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሥራ መመሪያን በቃል እያወቁም በእጅ ይዞ እያንዳንዱን እርምጃ እየጠሩ መሥራት የሕይወት ጉዳይ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሠራል፣ ሦስተኛው ይመለከታል፤ ፊርማ ያላረፈበት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ከዚህ ላይ ፈረቃው፣ ዘቡና ልምምዱ ይጨመራል። የሚሳኤሉ ቦታ ከሰፈሩ ተለይቶ በአጥር የታጠረ፣ በአየር ኃይል ፖሊሶችና በውሾቻቸው የሚጠበቅ ነበር። በጀርመን የነበሩት ባልደረቦች ደግሞ ኔቶ ያለ ማስታወቂያ የሚያደርገውን የብቃት ፈተና ያውቁታል። ሳይረን በሌሊት ይጮኻል፣ ሁሉም ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ቦታው ይሮጣል፣ ከዚያም የኬሚካል መከላከያ ልብስና ጭምብል ለብሶ ለቀናት እንደ እውነተኛ ጦርነት ይሠራል። እውነተኛ ሚሳኤል የመተኮስ ዕድል ግን ጥቂት ነበር፤ ቡድኖቹ በተራ ወደ አበርፖርት እየሄዱ ሰው አልባ የዒላማ አውሮፕላኖች ላይ ይተኩሱ ነበር። የቀረው ልምምድ በማስመሰያ መሣሪያ ላይ የሚደረግ ነው። ፈተናው መሰልቸት ነው፤ አንድ ሺህ ጊዜ ምንም ያልሆነበትን ሥራ በአንድ ሺህ አንደኛው ጊዜም በሙሉ ልብ መሥራት። ተቋሙ ለዚህ ያገኘው መልስ ጀግንነትን ማስተማር አልነበረም፤ ፈረቃን፣ ፍተሻንና ድንገተኛ ፈተናን ማዘውተር ነው።

6. ሦስት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ግልጽ ነው። የብሪታንያ የብላድሃውንድ ስኳድሮኖች በ33 ዓመት ውስጥ በጠላት ላይ አንድም ሚሳኤል አልተኮሱም፤ ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ምን ፈየደ? አልተተኮሰም ማለት አልሠራም ማለት እንዳልሆነ የሚያሳየው የአጥቂው ወገን ባሕርይ ነው። በ1960 ኤስ-75 በከፍታ የሚበርን አውሮፕላን መጣል መቻሉ ከታየ በኋላ፣ ከ1963 ጀምሮ የብሪታንያ ቦምብ ጣዮች ራሳቸው በከፍታ መብረራቸውን ትተው ከመሬት ተጠግተው ለመግባት ተገደዱ። ይህም የበረራ ርቀታቸውን አሳጠረ፣ የአውሮፕላኖቹን አካል አደከመ። ሚሳኤል የተተከለበት ሰማይ ሳይተኮስበትም የአጥቂውን ዕቅድ ይለውጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ዓይነቱ ተቋም በልክ የተነገረ ይመስላል። የተኮሱት ደግሞ ምን እንዳደረጉ ከግብፅ ማየት ይቻላል። ግብፅ በ1968 አየር መከላከያዋን ራሱን የቻለ የጦር ክፍል አድርጋ አደራጀች። በጥቅምት 1973 በስዊዝ ቦይ የተዘረጉት ሚሳኤሎቿ ቦዩን ለተሻገረው ሠራዊት ጥላ ሆኑት፤ ጥቅምት 14 ቀን ታንኮቿ ከዚያ ጥላ ወጥተው ወደ ሲና ሲገፉ ግን ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፣ የሚሳኤል ሰፈር ራሱ ቀላል ዒላማ ነው ይላል። ለዚህም ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ ሰኔ 9 ቀን 1982 እስራኤል በሊባኖስ በቃ ሸለቆ ከነበሩት 19 የሶርያ የሚሳኤል ባትሪዎች፣ ማለትም የተኩስ ክፍሎች፣ 17ቱን በአንድ ቀን ደምስሳለች። መቃወሚያው ግን ቦታ ሳይለውጡ ለሚቀመጡና ራዳራቸውን ሳይቆጥቡ ለሚያበሩ ሰፈሮች እንጂ ለተቋሙ ሁሉ አይሠራም። መጋቢት 27 ቀን 1999 በሰርቢያ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ባለ በኤስ-125 ሚሳኤል፣ የ250ኛው የሚሳኤል ብርጌድ 3ኛ ባትሪ ከራዳር ይሰወራል የተባለለትን የአሜሪካ ኤፍ-117 አውሮፕላን ጥሏል። ያ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ቦታ ይለውጥ ነበር፣ ራዳሩን የሚያበራውም ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነበር። የሶርያውያኑ መሣሪያ ከዚህ የከፋ አልነበረም፤ ልዩነቱ የመጣው ከሥራ ሥርዓት ነው። የሁለተኛው ትውልድ ብላድሃውንድ በከፊል ተነቅሎ ሊጓጓዝ እንዲችል የተሠራውም ይኸው ጉዳይ አስቀድሞ ስለታሰበበት ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ የዘመናችን ነው፤ ኮምፒዩተር ከሰው ይፈጥናል፣ ስለዚህ ስኳድሮኑን በማሽን መተካት ይሻላል ይላል። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ ብላድሃውንድም ከ1964 ጀምሮ ስሌቱን ለኮምፒዩተር ሰጥቷል። ውሳኔውን ግን ለሰው አስቀርቷል፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በመጋቢት 2003 በኢራቅ ጦርነት የአሜሪካ ፓትሪዮት ባትሪ ከተልእኮ የሚመለስ የብሪታንያ ቶርኔዶ አውሮፕላን ጥሎ ሁለቱን በራሪዎች ገድሏል። የብሪታንያ መርማሪዎች ካገኟቸው ምክንያቶች መካከል ሥርዓቱ አውሮፕላኑን ራዳር አጥፊ ሚሳኤል ብሎ መመደቡ፣ የወዳጅ መለያው አለመሥራቱና ባትሪው ከሰፊው መረብ ተነጥሎ ብቻውን መሥራቱ ይገኙበታል። ማሽን ሲበዛ የሰው ሥልጠናና የመገናኛ መረብ አስፈላጊነት እየጨመረ እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

7. ዛሬ፦ ማፍረስ ቀላል፣ መመለስ ከባድ

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ስኳድሮኖቹም አብረው አበቁ። ቁጥር 25 በ1989 ወደ ተዋጊ አውሮፕላን ተመለሰ፤ የመጨረሻው ቁጥር 85 በሐምሌ 1991 ፈረሰ። ስዊዘርላንድ ግን ብላድሃውንድን እስከ 1999 ይዛ ቆይታለች፤ በሙያተኞች ተጠብቆ በብሔራዊ ውትድርና በሚጠሩ ዜጎች የሚሟላ አደረጃጀት ስለነበራት፣ ያው መሣሪያ በሌላ የተቋም ቅርጽ ውስጥ ዕድሜ አገኘ። ሲንጋፖርም ብሪታንያ ስትወጣ ብላድሃውንዶቹን በ1970 ተረክባ የራሷን አየር መከላከያ ጀምራበታለች። ኢትዮጵያ በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ያገኘቻቸው ኤስ-75 እና ኤስ-125 ሚሳኤሎችም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ በየትኛውም አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠይቀው የራዳር ጠጋኝ፣ ፈረቃና የትእዛዝ ሰንሰለት አንድ ዓይነት ነው።

ብሪታንያ ከ1991 በኋላ የቀራት በቅርብ ርቀት የሚመታው ራፒየር ነበር። እሱን ከምድር ጦሩ ጋር ሲካፈሉ የኖሩት የአየር ኃይሉ የምድር ስኳድሮኖች በ2000ዎቹ ሥራውን ለጦሩ ለቀቁ፤ ዛሬ ራፒየርን የተካውን ስካይ ሴበር የሚያንቀሳቅሰው የንጉሣዊ መድፈኛው 16ኛ ሬጅመንት ነው። ሩቅ የሚመታ የምድር ሚሳኤል ያለው ስኳድሮን ግን አልተተካም። ከ2022 ጀምሮ በዩክሬን የሆነው ይህ ምን ያህል ክፍተት እንደሆነ አሳይቷል። ዩክሬን ከሶቭየት ዘመን በወረሰቻቸው ኤስ-300 ሚሳኤሎችና ኋላ ከምዕራባውያን ባገኘቻቸው ፓትሪዮትና ሌሎች ሥርዓቶች ሰማይዋን ስትከላከል፣ አዲሱን መሣሪያ በአጭር ጊዜ ሥራ ላይ ለማዋል ያስቻላት ፈረቃ፣ ጥገናና የራዳር ቁጥብነት የሚያውቁ የአየር መከላከያ ሰዎች አስቀድሞ ስለነበሯት ነው። ርካሽ ድሮኖች በብዛት መምጣታቸውም አዲስ ጥያቄ አንሥቷል፤ ውድ ሚሳኤልን በርካሽ ዒላማ ላይ መጨረስ አያዋጣም። መልሱ ሚሳኤሉን መተው ሳይሆን፣ የትኛው ዒላማ በመድፍ፣ የትኛው በማወኪያ፣ የትኛው በሚሳኤል ይመታ የሚለውን በሴኮንዶች ውስጥ የሚመድብ የሠለጠነ አካል ማደራጀት ነው። ያ ደግሞ ስኳድሮኑ በ1958 የተፈጠረበት ሥራ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ለማንኛውም አገር ይሠራል። አዲስ የአየር መከላከያ ሚሳኤል ተገዛ ሲባል የሕዝብ ጆሮ ወደ ርቀቱና ወደ ፍጥነቱ ይሄዳል። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። በሌሊት ፈረቃ የሚቀመጡ ስንት የሠለጠኑ ቡድኖች አሉ? የተበላሸ የራዳር ዕቃ በስንት ሰዓት ይተካል? የሲቪል በረራዎችን መረጃ ከመቆጣጠሪያው ክፍል የሚያደርሰው መስመር ቢቋረጥ ምን ይደረጋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አትተኩስ ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው፤ ድምፁስ በጊዜው ይደርሳል ወይ? ለእነዚህ መልስ ያለው አገር በአሮጌ ሚሳኤልም ሰማዩን መጠበቅ ይችላል፤ መልስ የሌለው ደግሞ ያለው ውድ ብረት ብቻ ነው፤ ብረቱም በክፉ ቀን የራሱን ልጆች ሊገድል ይችላል።